እጄን ይዛ የጠየቀችኝ ቀን

የሰው ትርታ መቁጠር የተማርኩት በዘጠኝ ዓመቴ፣ ወባ ጥሎኝ ነው።

ጊዜው ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ወሩ ጥቅምት ነበር። በአርባ ምንጭ ዝናቡ አባርቶ ከአባያ ዳር ቢንቢው በሚነሣበት በዚያ ወር ወባ ያልጎበኘው ቤት አይገኝም። እናቴ ልክነሽ ሲቀላ ሰፈር በሚገኝ አንድ ትንሽ ክሊኒክ ነርስ ነበረች፤ ከተማው ሁሉ «ሲስተር» እያለ ነው የሚጠራት። ቤት ውስጥ የሚያስታምመኝ ሌላ ሰው ስላልነበረን ሥራ ስትገባ በብርድ ልብስ ጠቅልላ ይዛኝ ሄደችና ከመድኃኒት ክፍሉ አጠገብ ባለች ጠባብ አልጋ አስተኛችኝ። አንዴ ያንቀጠቅጠኛል፣ አንዴ በላብ እዘፈቃለሁ። ፀሐዩ ሲበረታ የጣሪያው ቆርቆሮ ቋ ቋ ይላል። እሷ በየመሃሉ ብቅ እያለች ግራ እጄን ታነሣና ሰዓቷን እያየች ዝም ትላለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ልብሽን እያናገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

«‹እሳቱ ገና አልበረደም› አለኝ።»

ትኩሳቱ ሲለቀኝ አስተማረችኝ። ሁለቱን ጣቶችሽን ከእጅ አንጓ ላይ፣ በአውራ ጣት በኩል አሳርፊ። በአውራ ጣትሽ እንዳትነኪ፤ እሱ የራሱ ትርታ ስላለው የሰውን ትተሽ የራስሽን ትቆጥሪያለሽ። ሠላሳ ሰከንድ ቁጠሪና በሁለት አባዢው።

«የሰው አፍ ሁልጊዜ ‹ደህና ነኝ› ነው የሚልሽ» አለችኝ። «ከብቱን ሜዳ ላይ ጥሎ የመጣ ገበሬም፣ ባሏን የፈራች ሴትም ‹ደህና ነኝ› ይላሉ። ትርታ ግን አይዋሽም።»

ይህቺን ቃል እንደ አባታችን ሆይ ነው የያዝኳት። ዛሬ እኔም ነርሶችን አስተምራለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ለተማሪዎቼ የምነግራቸው፣ እውነት ነው፣ ትርታ አይዋሽም፤ ግን ቁጥሩን እንጂ ምክንያቱን አይናገርም የሚል ነው። አዞ ያባረረው ሰው ልብና የሙሽራ ልብ እኩል ይሮጣሉ። በዘጠኝ ዓመቴ ይህን የነገረኝ አልነበረም። እናቴ ታውቀው ነበር፤ ባስፈለጋት ሰዓት ግን ጠፋባት።

ደሜን የመረመረው የክሊኒኩ የላብራቶሪ ባለሙያ አለምሰገድ ይባላል። የገረሴ ሰው ነው፤ ቀጭን፣ ከበር ሲገባ ጎንበስ የሚል፣ ነጭ ጋዋኑ ከጉልበቱ በላይ የሚቀርበት። ጣቴን ከመውጋቱ በፊት ጣቴን ራሷን አናገራት። «ይቺ ደፋር ናት ወይስ ፈሪ?» አላት። መልሱን ሳይሰማ ወጋት፤ አለቅሳለሁ ብዬ ስዘጋጅ አልቆ ነበር። ሲሻለኝ በርጩማ ላይ አቁሞ በማይክሮስኮፑ አሳየኝ። ክብ ክብ ነገሮች መሃል የተሰካኩ ወይን ጠጅ ቀለበቶች አየሁ።

«እነዚያ ናቸው ያስተኙሽ» አለኝ።

«ያምራሉ» አልኩት።

«አዎ፣ ክፋታቸው እሱ ነው» ብሎ ሳቀ።

እሱ ወደ ክፍሉ ሲገባ እናቴ እጄን ይዛ ከሆነ ቆጠራው ይጠፋባታል። ከንፈሯ ላይ ቁጥሩ ሲቆም አየዋለሁ። ሰዓቷን ታይና እንደገና ትጀምራለች።

ከተሻለኝ በኋላ ያልቆጠርኩት ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን እትዬ በለጥሽ ዓሣ ጠብሳ ትሸጣለች። ከድስቱ አጠገብ ተቀምጬ አንጓዋን ያዝኩና ደንበኛ ፊት ጠየቅኋት።

«እትዬ በለጥሽ፣ ዓሣው የዛሬ ነው?»

«የዛሬ ናት እንጂ! አሁን ከሐይቅ የወጣች!»

ከሰባ ስምንት ወደ ዘጠና አራት ወጣ። «የትናንት ነው» አልኩ ጮክ ብዬ።

ደንበኛው ሳቀ፤ እሷ ማማሰያዋን አነሣችብኝ። «ልክነሽ! ነይ ልጅሽን ውሰጂልኝ! ጠንቋይ ወልደሽ ነው እንጂ!» ለሳምንት ያህል እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃ ነበር የምታናግረኝ።

አለምሰገድ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን መምጣት ጀመረ። አንዳንዴ የሚፈረም ወረቀት ይይዛል፣ አንዳንዴ ማንጎ፣ አንዳንዴ ባዶ እጁን መጥቶ «በዚህ ሳልፍ» ይላል። ቤታችን የመንገዱ መጨረሻ ላይ ነበር፤ ከእኛ በኋላ ጫካ ነው። በዚህ የሚያልፍ ሰው የት እንደሚደርስ ማንም አልጠየቀውም።

አንድ ቅዳሜ እናቴ በረንዳው ላይ ጠጉሬን ሠርታኝ ስታበቃ እጇን ያዝኩና መቁጠር ጀመርኩ። ሰባ ሁለት ነበር። የቆርቆሮው በር ተንኳኳ። «ቤቶች!» አለ የአለምሰገድ ድምፅ። ከጣቶቼ ሥር ደም ሥሯ ዘለለ። እንደገና ቆጠርኩ።

«ትፈሪዋለሽ እንዴ?» አልኳት በሹክሹክታ።

«ማንን?»

«እሱን። መቶ አራት ገባ እኮ።»

እጇን ነጠቀችኝ። ያልተበላሸ ነጠላዋን አስተካከለች፣ ያልፈሰሰ ውሃ ልትጠርግ ጎንበስ አለች። «ሂጂ በሩን ክፈቺ» አለችኝ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር። እኔም እናቴ ይህን ሰው እንደምትፈራው ያን ቀን ወሰንኩ።

ለምን እንደምትፈራው ደግሞ ብዙም ሳይቆይ «ደረስኩበት»። እትዬ በለጥሽና እናቴ ጓዳ ሆነው ሲያወሩ ከመጋረጃው ወዲህ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር።

«እስከ መቼ ነው ልክነሽ? አምስት ዓመት ሞላው እኮ!»

«ወረቀት ሳይመጣ?»

«የማን ወረቀት? የላከው መንግሥት ራሱ የለም። ማን ይጽፍልሻል?»

«ልጅቷስ?»

«ልጅቷ ልጅ ናት።»

«ለእኔ ካሱ የሚኖረው በእሷ ነው። እሷን ካስከፋሁ እሱን አስከፋሁ» አለች እናቴ።

ካሱ አባቴ ነው። ወታደር ነበር። ሦስት ዓመቴ ሳለ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ በዓመት ልዩነት ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ጠፋ። ጦሩ የተበተነ ጊዜ ከየበረሃው በእግሩ እየመጣ ሰው ወደ ቤቱ ገባ፤ እሱ ግን አልመጣም። የማውቀው ግድግዳችን ላይ ባለው ፎቶግራፍ ነው፤ ቆቡን ደፍቶ፣ ሊስቅ ሲል የተከለከለ ይመስላል። «ወረቀት» ሲሉ ስሰማ የአባቴ ደብዳቤ መንገድ ላይ ያለ መሰለኝ። አለምሰገድ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤውን የያዘብን እሱ ነው፤ እናቴ የምትፈራው ለዚህ ነው። ነገሩ ሁሉ ገጣጠመልኝ። ሴቶቹ ያወሩት ስለ መርዶ እንደነበረ፣ እናቴም የባሏን ሞት የሚነግራት ወረቀት አጥታ ባልም ሐዘንም እንደሌላት የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው።

ስለዚህ አለምሰገድን ራሱን ልመረምረው ቆረጥኩ።

ጥር ላይ፣ በእሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ሦስታችን ወደ አባያ ወረድን። መንገዱ ጭቃ የነበረበት ጋ ስንደርስ አለምሰገድ ሳይጠይቀኝ አንሥቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ሐይቁን ከዚያ ከፍታ አየሁት፤ እንደ ሸክላ ውሃ ቀይ፣ ዳር የሌለው። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ዘርግተው ያደርቃሉ። ራቅ ብሎ እንጨት የመሰለ ነገር ተንሳፈፈ፤ እንጨቱ ዓይን ነበረው። እናቴ አዞውን ስታይ ክንዱን ያዘችው፤ ወዲያው ለቀቀችው።

ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። እናቴ እግሯን ልትታጠብ ራቅ ስትል «እጅህን አምጣ» አልኩት።

ማንጎ የሚልጥበትን ቢላ አስቀምጦ ሰጠኝ። የእናቴ ሰዓት እኔ ጋ ነበር። ስልሳ ስምንት። ከዚያ እናቴ ጫማዋን ይዛ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ እኛ መመለስ ጀመረች። አልተናገረችም፤ ዝም ብላ መራመድ ብቻ ነው። ትርታው ከጣቶቼ ሥር ይሮጥ ጀመር። መቶ አሥር።

«ምን አለሽ?» አለኝ።

«ትፈራለህ።»

«ማንን?»

«እማዬን።»

መጀመሪያ ሊስቅ ነበር፤ ከዚያ ተወው። «እውነትሽን ነው» አለኝ ቀስ ብሎ። «በራችሁን ሳንኳኳ ጉልበቴ አይታዘዘኝም።»

ደነገጥኩ። የሚፈራ ሰው ደብዳቤ አይደብቅም። እነዚህ ሁለት ምስኪኖች ለካ እርስ በርስ ይፈራራሉ! እኔ ካልረዳኋቸው ምን ይውጣቸዋል? ከዚያ ቀን ጀምሮ የሁለቱም ጠባቂ ሆንኩ። እሱ ሲመጣ መሃላቸው እቀመጣለሁ፤ አንዷን እጅ በዚህ፣ አንዷን በዚያ ይዤ ሁለቱም እስኪረጋጉ እጠብቃለሁ። ሲረጋጉ ማየት እንዴት ደስ ይለኝ ነበር! እንዴት እንደሚተያዩ አላስተዋልኩም፤ ሰዓቱን ነበር የማየው።

እንዲህ ስጠብቃቸው ወደድኩት። በጋሞኛ መቁጠር አስተማረኝ፤ ገረሴ ስላለው ቤታቸው፣ ከእንሰቱ መሃል ጠዋት ጠዋት ስለሚነሣው ጉም አወራኝ። «ሲስተር» ማለቱን ትቶ «ልክነሽ፣ ልጅቷን ራባት» ያለ ዕለት እናቴ ድስቱን ሳታወርድ ቆማ ቀረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሊወስደኝ መጥቶ አንዲት ልጅ «አባትሽ ነው?» ስትለኝ አይደለም አላልኩም። ቤት ስገባ የግድግዳውን ፎቶግራፍ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሚያዝያ ላይ፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዝናብ ደበደበኝ። እናቴ አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ጠጉሬን በፎጣ አደረቀችልኝ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ለመነጋገር ጠጋ ማለት ያስፈልግ ነበር። ጠጋ አለች። እጄን ያዘች፤ እንዲያው ለፍቅር የያዘችኝ መሰለኝ። ጣቶቿ ግን ቦታቸውን ያውቁ ነበር።

«መቅዲ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የመሰለሽን ነው የምትነግሪኝ፣ እሺ?»

«እሺ።»

«አለምሰገድ… ከእኛ ጋር ቢኖር ምን ይመስልሻል? እዚህ ቤት፣ ለሁልጊዜ?»

ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግድግዳው ላይ ዐረፈ፤ አባቴ ቆቡን ደፍቶ ያየኛል። በአፌ አዎ ካልኩ ይሰማል። ደብዳቤውን እየጻፈ ከሆነ ብዕሩን ያስቀምጣል። ግን እናቴ እጄን ይዛለች! በእጄ ብናገር የምትሰማኝ እሷ ብቻ ናት። ትርታ አይዋሽም። አፌን ገጠምኩና በሙሉ ልቤ፣ በሙሉ ደሜ፣ «አዎ፣ አዎ፣ አዎ» አልኳት። ቁጠሪ እማዬ፣ አልኩ በሆዴ። በደንብ ቁጠሪ።

ቆጠረች። እንዳስተማረችኝ በሠላሳ ሰከንድ አላቆመችም፤ ሙሉውን ደቂቃ ጠበቀች። ከዚያ እጄን ጭኔ ላይ መልሳ አስቀመጠችው፤ እንቁላል የምታስቀምጥ ይመስል።

«እሺ የኔ ልጅ» አለችኝ። «ገባኝ።» ግንባሬን ሳመችኝ።

ገባት! ዝናቡ ሳያባራ ውጭ ወጥቼ እየዞርኩ ዘለልኩ። ምስጢሩ የእኔና የእሷ ነው፤ ለእትዬ በለጥሽ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም። በማግስቱ ከእናቴ ኮት አጠገብ በድንጋይ አንድ ሚስማር መታሁ፤ ለእሱ ጋዋን።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች እናቴ።

«እንዲያው ነው» አልኩ እየሳቅሁ። የምታውቀውን ነገር አላውቅም ብላ የምትጫወትብኝ መሰለኝ። እሷ ሚስማሩን ትንሽ አየችውና ጃንጥላዋን ሰቀለችበት።

ቅዳሜ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። ሥራ በዝቶበት ነው አልኩ። በሦስተኛው ሳምንት ከትምህርት ቤት ወደ ክሊኒኩ ስሄድ ግቢው ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። ከላይ ፍራሽ፣ አንድ የብረት ሣጥንና የማውቀው በርጩማ ተጭኗል። አለምሰገድ ወደ ጂንካ ተዛውሮ ነበር።

ጋቢናው ውስጥ ሆኖ አየኝና ወረደ። ሮጬ ልጠመጠምበት ስል እሱ አልተራመደም፤ አሥር እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። ከዚያ ቁመቱን ሊያሳጥር ቁጢጥ አለ።

«መቅደስ፣ ደህና ሁኚ። በርቺ» አለኝ ከዚያው ሆኖ። «አይዞሽ፣ እሺ? አይዞሽ።»

መቅረብ ያልፈለገው ስላልወደደን ነው አልኩ። እናቴ ከእኛ ጋር እንዲኖር የፈለገችው፣ እኔም በሙሉ ልቤ እሺ ያልኩት ሰው ጥሎን ሄደ። ጀርባዬን ሰጠሁት። መኪናው ከግቢ ሲወጣ ሰማሁት፤ አልዞርኩም።

ያን ቀን እናቴ እስከ ማታ መርፌ ስትወጋና ቁስል ስታጥብ ዋለች። ቤት ስንገባ አንጓዋን ልይዝ ስል እጇን ከእጄ አወጣች። «ዛሬ አትቁጠሪኝ» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ማንም በራችንን «በዚህ ሳልፍ» ብሎ አላንኳኳም። የአባቴ ወረቀትም ዛሬም ድረስ አልመጣም። እናቴ ሃያ ስምንት ዓመት በዚያው ሥራ የሌላ ሰው ልብ ስትቆጥር ኖራ ጡረታ ወጣች። ነጭ ልብሷን ሣጥን ውስጥ አስቀምጣ ግቢዋን ጎመንና ሽፈራው ተከለችበት።

ጡረታ በወጣች በዓመቱ እኔ ደግሞ ጉዳይ ይዤ ሄድኩባት። ባሌን ከፈታሁ አራት ዓመት አልፎኝ፣ ሲሳይ የሚባል የሥራ ባልደረባዬ ለትዳር ጠይቆኝ ነበር። ልጄ ምሥጋና ስምንት ዓመቷ ነው። እናቴ ማንጎው ሥር ቁጭ ብላ የሽፈራው ቅጠል ከዝንጣፊው ትለቅማለች። አጠገቧ ተቀምጬ እየለቀምኩ ነገርኳት።

«ምሥጋናን ጠየቅሻት?» አለችኝ።

«ልጅ አይደለች እማዬ? ምን ትለኛለች?»

«ጠይቂያት። ልጅ ሳይጠየቅ አይሆንም። እኔ አንቺን ጠይቄ አይደል አለምሰገድን የተውኩት?»

እጄ ላይ ያለው ዝንጣፊ ቀጥ አለ። «እኔ ምን አልኩሽ?»

«በአፍሽ ምንም አላልሽም። መቶ ሠላሳ ሁለት።» ቁጥሩን የተናገረችው ትናንት የቆጠረችው ያህል ነው። «እንደዚያ የሚመታ የልጅ ልብ የማውቀው መርፌ ሲያዩ ነው። ዓይንሽ ደግሞ አባትሽ ላይ ተተክሎ ቀረ። ‹ይህቺን ልጅ በገዛ ቤቷ እያስፈራሁ አላሳድጋትም› አልኩ። ለእሱም ‹ልጄ ትፈራሃለች› አልኩት። አልተከራከረኝም። ‹ልጅ የፈራችኝ ቤት አልገባም፤ እዚህ ከተማ ሆኜ ግን አለመምጣት አልችልም› አለና ዝውውሩን ራሱ ጠየቀ።»

ያን ጊዜ ሌላ ነገር ትዝ አለኝ። በዘጠና ሰባት፣ ኮሌጅ ሳለሁ፣ ሶዶ መናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ረጅም ሰው በስሜ ጠራኝ። አለምሰገድ ነበር። ስለ እናቴ ጠየቀኝ፤ «ደህና ናት» አልኩት እንደ ባዳ። ከዚያ ፈገግ ለማለት እየሞከረ፣ «አሁንም ትፈሪኛለሽ?» አለኝ። የሚያሾፍብኝ መሰለኝ። «ምንህ ያስፈራኛል?» ብዬው አውቶቡሱ ውስጥ ገባሁ። በመስኮት ሳየው ከቆመበት አልተነቃነቀም ነበር። የጠየቀኝ አሥር ዓመት የተሸከመውን ነገር ኖሯል።

እናቴ ትለቅማለች። ዝም ማለት እችል ነበር። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ደም ግፊት አለባት፤ ለልጇ ስትል የከፈለችው ዋጋ ልክ ነው ብላ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ተኝታበታለች። ዝም ብላት ግን ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ማለቴ ነው።

«እማዬ፣ አልፈራሁም ነበር» አልኳት። «ደስ ብሎኝ ነው።»

ቀና አለች።

«እንዲኖር ፈልጌ ነበር። በየማታው እጸልይ ነበር። ልቤ የሮጠው ከደስታ ነው። ‹ገባኝ› ስትዪኝ የገባሽ መስሎኝ ዝናብ ውስጥ ስጨፍር ነበር።»

አንድ ቅጠል ከጉልበቷ ላይ አንሥታ ሳፋው ውስጥ ጨመረች።

«ታዲያ ምነው በአፍሽ ብትነግሪኝ?» አለችኝ።

«አባዬ እንዳይሰማ።»

ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። ሣቅ ይሁን ልቅሶ መለየት አልቻልኩም፤ እሷም የለየችው አይመስለኝም። ሲያልፍላት ዓይኗን ጠረገችና «እኔስ ምነው በአፌ ደግሜ ብጠይቅሽ» አለች። «ሞያዬ ገደለኝ።»

በዚያው ሳምንት ምሥጋናን ጠየቅኋት፤ እጇን ሳልይዝ፣ ፊት ለፊት ተቀምጬ። ሲሳይ ሲበላ ድምፅ እንደሚያሰማ፣ ከዚያ ውጭ ግን እንደምትወደው ነገረችኝ። ለእሷ ነገሩ በዚህ አለቀ።

አለምሰገድን ማፈላለግ ጀመርኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም። ጤና ቢሮ ውስጥ የቆየ ገነነ የሚባል ሾፌር አገኘሁ፤ በሰማንያ ሰባት ያንን የጭነት መኪና የነዳው እሱ ኖሯል። «አልሰማሽም እንዴ?» አለኝ። ጂንካ ሚስት አግብቶ፣ አንድ ወንድ ልጅ ወልዶ፣ ሚስቱ ሞታበት፣ ሲታመም እህቱ ወደ ገረሴ ወስዳ አስታምማው ነበር። ካረፈ ሦስት ወሩ ነው። ሦስት ወር! እኔና እናቴ ማንጎው ሥር ስናወራ ገና አርባው እንኳ አልወጣም ነበር።

ለእናቴ ስነግራት አላለቀሰችም። ተነሥታ ሣጥኗን ከፈተችና ጥቁር ቀሚስ አወጣች። «ለቅሶ እንድረስ» አለች።

በማለዳ ተነሥተን ወደ ገረሴ ወጣን። ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፤ እንሰቱ በዛ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ የማታውቀውን አገር እንደምታውቀው ታየዋለች። መንገድ ላይ ተነጋገርን። «ማናችሁ ቢሉን የሥራ ባልደረባው ነበረች እላለሁ» አልኳት። «እሱ ይሻላል» አለች። «ከዚያ በላይ ምን ነበርኩ?»

የእህቱ ስም ጣይቱ ነው። ሰባ ዓመት የሚሆናት፣ እንደ እሱ ረጅም ሴት። ከበሩ ስንገባ እናቴ እንደ ወጉ ጮክ ብላ አለቀሰች። ድምፅዋን እንደዚያ አውጥታ ስታለቅስ ሰምቻት አላውቅም፤ ለአባቴም ቢሆን መርዶ ስላልመጣ ማልቀሻ አላገኘችም ነበር። ጎረቤቶች ከየአጥሩ ብቅ አሉ። ጣይቱ ደግፋ አስገባቻትና በሩ አጠገብ፣ እንግዳ በሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ አስቀመጠችን። ውሃ ሰጡን። ከዚያ መጠየቅ ያለበት ነገር ተጠየቀ።

«ይቅርታ፣ አላወቅኋችሁም» አለች ጣይቱ። «ከየት ናችሁ? ለወንድሜ ምኑ ናችሁ?»

«ከአርባ ምንጭ ነው የመጣነው። እናቴ…» ብዬ ስጀምር እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳርፋ አስቆመችኝ።

«ልክነሽ እባላለሁ» አለች። ድምፅዋ ከልቅሶው ሻክሯል፣ ግን አልተንቀጠቀጠም። «ላገባው ነበር። ልቤ ነበረ። ሳልነግረው ቀረሁ።»

ጣይቱ እናቴን ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ ከመደቡ ላይ ነጠላዋን ሰብስባ ጠጋ አለችና የቤተ ዘመዱን ቦታ፣ ከራሷ ጎን ያለውን፣ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«እዚያ በር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?» አለቻት። «ነይ፣ እዚህ ተቀመጪ።»